ንብ ላይ አይተነፈስም

ባሕር ውስጥ ጠልቆ መግባትን የሚያስተምሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚነግሩህ አንድ ሕግ አለ፦ ትንፋሽህን አትያዝ። መነጽሩም፣ በጀርባ የሚታዘለው የአየር ሲሊንደርም፣ ወደ ታች የሚያወርደው የእርሳስ ቀበቶም፣ እንደ ዳክዬ የሚያስረግጠው የጎማ ጫማም ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ያደግሁት ትንፋሽ መያዝ እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት ቤት ነው።

አባቴ ቦንጋ አጠገብ፣ ማንኪራ ውስጥ ንብ አናቢ ነበር። ቀፎውን የሚሰቅለው ጫካው ውስጥ ካሉት ረጃጅም ዛፎች ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ማር ሲቆረጥ አንድ ሰው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ከሥር ቆሞ በገመድ የሚወርደውን ቅርጫት ይቀበላል። ወንድም ስላልነበረኝ ከሥር የምቆመው እኔ ነበርኩ። ከቅርጫቱ ጋር ሁልጊዜ የተቆጡ ንቦች አብረው ይወርዳሉ፤ ንብ ደግሞ የሰው ትንፋሽ አይወድም። ቅርጫቱ ወደ ፊቴ ሲቀርብ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ ገመዱን ፈትቼ፣ ማሩን ሣር ላይ አስቀምጥና ዞር ብዬ እተነፍሳለሁ። «ንብ ላይ አይተነፈስም» የሚለውን የአባቴን ቃል ያጠናሁት ከአባታችን ሆይ ጋር እኩል ነው። እሱ ከላይ ሆኖ ያንጎራጉራል። ቅጠሉ ስለሚሸፍነው አይታየኝም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ንቦቹን የሚያባብልበት ዜማ ይመስለኝ ነበር።

አድጌ ቦንጋ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ሆንኩ። በሚሊኒየሙ ሰሞን ዛንዚባር ሄጄ ስለ ባሕር ዓሦች ሁለተኛ ዲግሪ የምማርበት ስኮላርሺፕ ደረሰኝ። ከተማው ሳቀብኝ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ደብዳቤዬን እየፈረሙ «አገሪቱ ባሕር የላት፤ አንቺ ተምረሽ ስትመጪ የት ልናስቀምጥሽ ነው?» አሉኝ። እናቴ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብላ አኮረፈች። አባቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ስትገቢ አብሮሽ የሚገባ ሰው አለ?»

«አለ አባዬ፤ ብቻውን የሚገባ የለም።»

«እንግዲያው ግቢ» አለኝ።

ሐዋሳ ስማር ዋና ስለለመድኩ ነገሩን ቀላል አድርጌው ነበር። ጥናቴ ግን ባሕር ሥር ወርዶ ዓሦችን መከታተል ነው፤ ለዚያ ደግሞ የጠላቂነት ካርድ ግድ ይላል። ካርዱን ካላገኘሁ ትምህርቱም የለም፣ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቦንጋ ነው። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል ተሸኝቼ ባዶ እጄን ስመለስ ይታየኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከመስጠም ይልቅ የፈራሁት እሱን ነው።

ሥልጠናው በተጀመረበት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ማንም አልቀደመኝም። ባሕሩ ግን ሌላ ሆነ። የባሕር ውሃ ጨዋማ መሆኑን ለስንት ክፍል ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ አፌ ውስጥ ሲገባ ግን ማንም ነግሮኝ እንደማያውቅ ደነገጥኩ። እንዲያም ሆኖ አሠልጣኙን ተከትዬ ወረድኩ። አሠልጣኛችን ጸጉራቸው የሸበተ፣ እዚያው ደሴቱ ላይ የተወለዱ፣ ቀልደኛ ሰው ነበሩ። አሸዋው ላይ ተንበርክከን እጃቸውን እያየን ሳለ፣ ጎብኚ ዳቦ እያበላ ያለመዳቸው ትንንሽ ቢጫ ዓሦች ግር ብለው መጡና ፊቴን ከበቡት።

ትንፋሼን ያዝኩ።

ዓሣ መሆናቸውን አውቃለሁ። ሰውነቴ ግን አላወቀም። ሳንባው በአየር የተሞላ ሰው ደግሞ ውሃ ውስጥ ሳይፈልግ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ትንፋሹን እንደያዘ ከወጣ አየሩ እየተለጠጠ ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዪ ቢሉኝ አሳምሬ እሥለዋለሁ። አሠልጣኙ ልብሴን ጨምድደው ባይዙኝ ኖሮ የሚሆነውን እግዜር ይወቅ። በማግስቱም ዓሦቹ መጡ፤ እኔም ያንኑ ደገምኩ። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ።

ጀልባዋ ላይ ከወጣን በኋላ አሠልጣኙ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ነገም ከያዝሽ አልፈርምልሽም። ጠልቼሽ አይደለም፤ ለእናትሽ በሳጥን ልልክሽ ስለማልፈልግ ነው።»

የጎማ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልተነሡም።

«ሰው ሲፈራ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። አንቺ ጭራሽ ትዘጊዋለሽ። ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ንብ» አልኳቸው።

ያበድኩ መስሏቸው አዩኝ። ከዚያ ዛፉን፣ ቅርጫቱን፣ የአባቴን ትእዛዝ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲበቃቸው ፊታቸውን ጠረጉና ጠየቁኝ።

«አባትሽስ? ቀፎው ጋ ያሉት እኮ እሳቸው ናቸው። ማሩን ቆርጠው እስኪጨርሱ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚቆዩት?»

«አዎ» ልላቸው ስል ትዝ አለኝ። አባቴ ያንጎራጉር ነበር። የሚያንጎራጉር ሰው ደግሞ ትንፋሽ መያዝ አይችልም። ያን ሁሉ ዓመት ቃሉን ሰምቼ ድምፁን አልሰማሁም ማለት ነው።

«በይ እንግዲያው፣ ነገ እንደ እሳቸው አድርጊ» አሉኝ።

በማግስቱ ወረድን። ተንበረከክን። ዓሦቹ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ደረቴ ሊዘጋ ሲል የአባቴን ዜማ ጀመርኩ። የአየር ቧንቧውን ጎማ ነክሶ ማንጎራጎር ውበት የለውም፤ የታመመ ጥጃ ነው የሚያስመስለው። ቢሆንም አረፋው በጆሮዬ በኩል እየተንፎለፎለ ወጣ፤ ሲያልቅብኝ ሳልፈልግ አየር ሳብኩ፤ እንደገና አንጎራጎርኩ። ዓሦቹ መነጽሬን እየነካኩ አለፉ። አሠልጣኙ ከፊቴ ነበሩ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ነቀነቁልኝ፤ ሰምቼሻለሁ ማለታቸው ነው። በመጨረሻም ትንፋሼን ቀስ በቀስ እየለቀቅሁ ወደ ላይ የምወጣበትን ፈተና ያንኑ ዜማ እየደጋገምኩ ጨረስኩት። ጀልባዋ ላይ መነጽሬን ሳላወልቅ አለቀስኩ። ያኔም አመሰገንኳቸው፣ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ፤ ዝም ብለው ወድቀሻል ቢሉኝ ማን ይጠይቃቸው ነበር?

ለዕረፍት መጣሁ። ከጅማ ቦንጋ በሚኒባስ፣ ከዚያ ማንኪራ በእግሬ። አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው ዛፍ መውጣት ትቶ ነበር። ካርዴን ሰጠሁት። ፎቶዬን ከብርሃኑ ጋር እያጋጠመ አየው።

«ጸጉርሽን ምን ነካው?»

«ከባሕር እንደወጣሁ ነው የተነሣሁት።»

«ያስታውቃል» አለ፤ ካርዱን ግን አልመለሰልኝም፣ እጁ ላይ እንደያዘው ቀረ። አጠገቡ ተቀምጬ በካፊኖኖ፣ በቤታችን ቋንቋ፣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ዓሦቹ፣ ስለ ሳንባው፣ ስለ መጨረሻው ቀን።

«ንቦቹን የምታባብልበት ዜማ ነው ያወጣኝ» አልኩት።

«ንብ ምን ዜማ ያውቃል?» አለኝ። «ለአንቺ ነበር እንጂ። መጀመሪያ ቀን ከሥር ያቆምኩሽ ጊዜ ቅጠሉ ሲሸፍነኝ የጠፋሁ መስሎሽ አለቀስሽ። እጄም ዓይኔም ሥራ ላይ ነው፤ ምን ላድርግ? አንጎራጎርኩልሽ፣ ዝም አልሽ። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ወጥቼ አላውቅም።»

ካርዱን እጁ ላይ እያገላበጠ ጠየቀኝ።

«አንቺስ ውሃው ውስጥ ስታንጎራጉሪ የሚሰማሽ ሰው ነበረ?»

«ነበረ። አሠልጣኛችን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ።»

ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ጓዳ ገብቶ ነጭ ማር የሞላበት የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ወጣ። ዛፍ መውጣት ከመተዉ በፊት ከቆረጠው የመጨረሻ ማር የተረፈ መሆኑን ያወቅሁት እናቴ ዕቃውን ስታይ ፊቷ ሲለዋወጥ ነው።

«ለሰውየው ስጪልኝ» አለ። «ልጄን ስለሰማልኝ ነው በዪው።»

በማግስቱ ጠዋት ማሩን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ስሜያቸው ወጣሁ። አባቴ እንደማያስችለው አውቃለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። የቡናው ጫካ ደግሞ ከግቢያችን ጥቂት እንደራቁ ሰውን ይውጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሊያየኝ አይችልም። ቅጠሉ ሲሸፍነኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንጎራጎር ጀመርኩ፤ የመኪናው መንገድ እስክደርስ አላቆምኩም።