ተመላሽ ትሪ

ማርላ አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ወዳለችው ከተማችን ስትመጣ የማታውቀው ሰው የከተማው ሕዝብ በሙሉ ነበር። ባሏ ዌይድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱን የሚያውቀው በፎቶግራፍ ነው። አንድ ልጃቸውን ጊዲዮንን ቤት ውስጥ የምታስተምረው ራሷ ናት። አዋቂ የሚያናግራት ከመጥፋቱ የተነሳ፣ አንድ ቀን ኢንሹራንስ ሊሸጥላት የደወለውን ሰው ይዛ አልለቅም ብላው፣ ሰውዬው «እባክሽ እህቴ፣ እኔም ቤተሰብ አለኝ» ብሎ ለምኗት ነው ስልኩን የዘጋው።

በኋላ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ እናቶችን አገኘች። በየሐሙሱ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ይሰበሰባሉ። ስንዴውን ራሳቸው ይፈጫሉ፣ ቀሚሱን ራሳቸው ይሰፋሉ፣ ልጆቻቸው ሲያስነጥሳቸው እንኳ በላቲን ነው። ቬርና የምትባለዋ ስድስት ልጅ ብቻ ስላላት ሌሎቹ እንደ መካን ያዝኑላት ነበር። ማርላማ ባለ አንድ ልጅ! እሷን ገና እንዳላገባች ነው የቆጠሯት።

በእነዚህ ሴቶች ዘንድ ወዳጅነት የሚጀመረው በወሬ ሳይሆን በትሪ ነው። አንዷ ስትወልድ (መቼም አንዷ ሳትወልድ የምታልፍ ሐሙስ የለችም) ሌሎቹ በዶሮና በአይብ የተጋገረ መኮሮኒ በመስታወት ትሪ ይወስዱላታል። ከትሪው ሥር የላከችው ሴት ስም በፕላስተር ተለጥፏል። ትሪ ይመለሳል፤ ባዶውን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። እንዲህ እያለ አንድ ትሪ ሁለት ቤት ያጋባል። የማርላና የቬርና ትሪ በሁለቱ ቤት መካከል ሲመላለስ ከዌይድ መኪና የበለጠ መንገድ ሳይሄድ አልቀረም። ቬርና ትሪዋን ልትወስድ ትመጣና ግማሽ ቀን ስታወራ ትቆያለች፤ ከዚያ ትሪውን ረስታ ትሄዳለች። በማግስቱ ለመምጣት ሰበብ ተገኘ ማለት ነው። ማርላ በዕድሜዋ እንደዚህ የተዝናናችበት ጊዜ አልነበረም።

ችግሩ ጊዲዮን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ማንበብ እምቢ አለው።

«ተይው፣ በጊዜው ይበስላል» ትላለች ቬርና። «የኔው ትልቁ ኤ የምትባለውን ፊደል ከመሰላል አይለያትም ነበር። ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስን ከነነጠላ ሰረዙ ይወጣዋል።»

ማርላ ጠበቀች። አንድ ቀን ግን ገበያ አዳራሽ ውስጥ ልጁ የሴቶች ሽንት ቤት ገባና ጩኸት ተነሳ። መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ «እማ፣ እኔ ደደብ ነኝ እንዴ?» አላት።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ አልቻለችም። ልጇን ትምህርት ቤት የላከች እናት ማኅበሩ ውስጥ እንደማትቆይ ታውቃለች። ቢሆንም ቬርና ማኅበር ሳትሆን ጓደኛ ናት ብላ መጀመሪያ ለእሷ ነገረቻት።

«ጊዲዮንን ትምህርት ቤት ላስገባው ነው።»

«የማን ትምህርት ቤት?»

«የመንግሥት።»

«በቢጫው አውቶቡስ?»

«በቢጫው አውቶቡስ።»

«ውይ የኔ ማር!» ቬርና እጇን ያዘቻት። ሐኪም እንኳ እንደዚያ እጅ የሚይዘው የምርመራው ውጤት ሲከፋ ነው። «ዌይድ ነው ያስገደደሽ?»

«ማንም አላስገደደኝም። እሱ ማንበብ አቃተው፣ እኔ ማስተማር አቃተኝ።»

«ንባቡስ ይደርሳል። ነፍሱስ?»

«ነፍሱማ ሴቶች ሽንት ቤት ገብታ ነበር» አለች ማርላ። ቬርና አልሳቀችም።

ሰኞ ልጁ አውቶቡስ ላይ ወጣ። በዚያው ሳምንት ሴቶቹ ለቅሶ ደረሱ። ሌላ ስም የለውም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምግብ ተሸክመው፣ አንገት ላይ እየተጠመጠሙ ገቡ። የማኅበሩ መሪ ዶሪን እንባዋን ጠርጋ «በርቺ፣ እንጸልይለታለን» አለች።

«ዶሪን፣ ልጁ እኮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል።»

«መመለሱንስ ይመለሳል። ማን ሆኖ ነው የሚመለሰው?»

ሲሄዱ ሁሉም «ለትሪው እንዳትቸገሪ» እያሉ ወጡ። ማርላ ጠረጴዛውን አየችው። የመጣው ሁሉ ተበልቶበት በሚጣል የፎይል ትሪ ነው። እንዲህ ያለው ትሪ በከተማችን የሚሰጠው አገር ለቆ ለሚሄድ ሰው ነው። የቬርናን ለይታ አነሳችና ከሥሩ አየችው። ስም የለውም። እሱም ፎይል ነው።

ከዚያ በኋላ የሴቶቹ የስልክ ግሩፕ ጸጥ አለ። ማንም አላስወጣትም፤ እነሱ ሌላ ከፍተው እሷን ከባዶው ቤት ጋር ተዉአት። ቬርና ስልክ ሲደወልላት ሁልጊዜ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ነው። የዚያን ወር የጋገረችው ዳቦ አንድ ክፍለ ጦር ይቀልባል።

በረዶ ሊጥል ሲል ማርላ በራሷ የመስታወት ትሪ ድንች በአይብ ጋገረች። ስሟን በትልቁ ጽፋ ከሥሩ ለጠፈችና ጊዲዮንን ይዛ ቬርና ቤት ሄደች። ትሪው እዚያ ካደረ ቬርና መምጣቷ አይቀርም።

ቬርና በሩን በኋላዋ ገጠም አድርጋ በረንዳው ላይ ወጣች። «ማርላ! ምነው ተቸገርሽ!»

«ለልጆቹ ነው። ትሪውን ሲመችሽ ታመጪልኛለሽ።»

«አንዴ ብቻ ጠብቂኝ፣ የኔ ማር።» ትሪውን ተቀብላ ገባች። በሩ ተዘጋ።

እናትና ልጅ ብርዱ ላይ ቆሙ። ከውስጥ የሚንኳኳ ማንኪያ፣ ከዚያ የቧንቧ ውኃ ተሰማ። በሩ ላይ አበባ የተሣለበት የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጊዲዮን ተጠግቶ ጣቱን ፊደሎቹ ላይ አደረገ።

«ግ… ግቡ። በሩ… ክፍት ነው። ጓ… ጓደኛ… አያንኳኳም።»

ማርላ አፏን በእጇ ያዘች። ይህን ድምፅ ስንት ዓመት ጠብቃው ነበር።

በሩ ተከፈተ። «ቬርና፣ አነበብኩት!» አለ ልጁ።

«ጎሽ! ማን አስተማረህ?»

«ሚስ ፓቲ። ትምህርት ቤት።»

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ትሪውን ለማርላ አቀበለቻት። ታጥቧል፣ ተወልውሏል፣ ፕላስተሩም በሙቁ ውኃ ለቆ ሄዷል።

«ይኸው፣ ኋላ እንዳትመላለሺ።»

ማርላ በሁለት እጇ ተቀበለች። መስታወቱ ገና አልቀዘቀዘም።

«እማ፣ ግቡ ነው እኮ የሚለው» አለ ጊዲዮን።

«አዎ ልጄ፣ በትክክል ነው ያነበብከው። ና እንሂድ።»