የቀይ ባሕር ወፍ በይጁቤ ትልም ላይ

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት በግንቦት ማለዳ፣ ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ ነው። ምክንያቴ አንድ ወፍ ነው። የባለቤቴ አጎት አያ ሙሉነህ ይጁቤ አጠገብ ያርሳሉ። የወፍ ነገር እንደማይሆንልኝ ስለሚያውቁ ማታውን ደውለው፣ ከሞፈራቸው ኋላ ትል ከሚለቅሙት ነጫጭ ሳቢሳዎች መካከል አንድ እንግዳ እንደገባ ነገሩኝ። ጎረቤታቸው በስልክ ያነሳውንም ፎቶ አስላኩልኝ። ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ ጥቁሩ ራስና ቀዩ መንቁር ግን ይታያል። ልቤ ዘለለ። ጋል የሚባለው የባሕር ወፍ ነው፤ ያውም ከቀይ ባሕር ዳርቻ እምብዛም የማይርቀው፣ ዓይነ ነጭ የምንለው ሳይሆን አይቀርም። እሱን በጎጃም ደጋ አየሁ የሚል ሰው እስከዛሬ አላጋጠመኝም።

አዲስ አበባ ሆና ብርቅዬ ወፎችን የምትመዘግበው ጓደኛዬ ሰናይት ግን ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰችብኝ። ሌላው የቀይ ባሕር ጋል፣ ጥቁሩ ዘመዱም ሊሆን ይችላል፤ መንቁሩና የዓይኑ ዙሪያ ጥርት ብሎ ካልታየ አልመዘግብም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን ተናደድኩ። መንገድ የሳተ ወፍ ደግሞ አይቆይም። ዛሬ ካልደረስኩበት አለቀልኝ ብዬ ተነሳሁ።

ወደ ይጁቤ

ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ጆንያ ተደራርበን ነው የሄድነው። ካሜራዬን አቅፌ ስለተቀመጥኩ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ሰርግ ልታነሺ ነው ወይ አሉኝ። የለም፣ ወፍ ነው ስላቸው፣ ወፍ ለማየት ይህን ሁሉ ታሪፍ የሚከፍል ሰው ገና ዛሬ አየሁ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሳው ተገላብጦ ዝናብ ይጠብቃል፤ ከባሕር ዛፉ ማዶ ሰማዩ ጠቁሯል።

አያ ሙሉነህ ማሳ ስደርስ አገሩ ዝም ጭጭ ብሏል። በሬዎቹ ተኝተው ያመሰኳሉ። እስከ አድማስ ድረስ አንድ ጥማድ የለም። ለካ ቀኑ ሃያ አንድ፣ ማርያም ነው! ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ ደብረ ማርቆስ አድጌ ይህ ይረሳል? አፈር ልብላ!

ወፉ አለ። ግን ከማሳው ግርጌ ካለው ረግረግ ማዶ፣ ውኃው ላይ፣ በካሜራዬ እንኳ ነጥብ ሆኖ ነው የሚታየው። በሆዴ እየተሳብኩ ጠጋ ስል እሱ ራቅ ይላል። ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ተመለስኩና አያ ሙሉነህን ለመንኳቸው። አንድ ትልም ብቻ፣ ወፉ ትሉን ፍለጋ እንዲቀርብልኝ።

«ልጄ፣ በማርያም በሬ አልጠምድም» አሉኝ። «ያመጣው ካቆየው ነገ ታይዋለሽ።»

«ባይቆይስ?»

«ባይቆይም አልጠምድም።»

አኮረፍኩ፤ ምን ይደበቃል። እሳቸው ግን ኩርፊያዬን ከነገር ሳይቆጥሩ ወደ ማርያም ማኅበር ይዘውኝ ሄዱ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ዓይኔ በር በሩን ያያል። የማኅበሩ ቄስ ወፉ ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። ከቀይ ባሕር ስላቸው፣ እኛ ቀይ ባሕርን በንባብ ብቻ ነው የምናውቀው፤ እሱ ከዚያ ድረስ ከመጣ ብርቱ እንግዳ ነው፣ ዛሬ ቢያርፍ ምን አለበት አሉ። የማታ ማታም የነገ ተማሪዎቼን እንድታስተምርልኝ ለመምህርት ባልደረባዬ ደውዬ እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ

ሲነጋ ሮጬ ረግረጉን አየሁ። ወፍ የለም። አያ ሙሉነህ በሬዎቻቸውን ጠመዱ፤ እኔም ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ባዋሱኝ ጋቢ ተሸፍኜ ድንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አፈሩ መገልበጥ ሲጀምር ሳቢሳዎቹ መጡ። እሱ አልመጣም። ሁለተኛው ዙር አለቀ፤ አልመጣም። ተስፋ ቆርጬ ካሜራውን ላስቀምጥ ስል ከበላዬ እንደ ጥላ የሆነ ነገር አለፈና ማረሻው የገለበጠው አፈር ላይ ዱብ አለ።

ራሱ ጥቁር፣ እግሩ ቢጫ፣ ቀጭኑ መንቁሩ ደም የመሰለ ቀይ፣ ጫፉ ጥቁር። ጥቁሩ ዘመዱ መንቁሩ ወፍራምና ቢጫ ነው። ከዓይኑ በላይም በታችም ስም ያወጣለት ያ ነጭ ቅስት! ትሉን ውጦ ቀና ብሎ አየኝ፤ አነሳሁት፣ ደግሜ አነሳሁት። እንባዬ መጣ።

እትዬ የሻረግ ቁርስ ይዘው ሲመጡ እንባዬን አዩ፤ ነገሩ ገባቸውና እልልታቸውን አቀለጡት። በዚህ አገር ደስታ ያለ እልልታ አይታለፍም። ማሳው ላይ ያለው ወፍ ሁሉ በአንዴ ብድግ አለ። የእኔውም ጠቆር ያለውን ክንፉን ዘርግቶ በራሴ ላይ አለፈ፤ ጣቴ በራሱ ጊዜ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። አንድ ጊዜ ዞረና ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ሄደ።

«ምነው ምላሴን በቆረጠው» አሉ እትዬ የሻረግ ደንግጠው። አቅፌ ሳምኳቸው፤ ያቺ የመጨረሻዋ ፎቶ ያለ እልልታቸው አትገኝም ነበር።

ማርቆስ ገብቼ ጭቃዬን ሳልታጠብ ለሰናይት ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «ዓይነ ነጩ ነው፤ መዝግቤዋለሁ» አለችኝ። ጮኼ ባለቤቴን ከቀትር እንቅልፉ አባነንኩት። ከእንግዲህ ለጉዞ ስነሳ ካርታ ብቻ አይደለም የማየው። ወፉ ሞፈር ይከተላል፣ ሞፈሩ ደግሞ በዓል ያከብራል፤ ይህን ሳያውቅ የወጣ ሰው እንደ እኔ ጭቃ ውስጥ ይሳባል።

ሰንበት ብዬ የአዲስ አበባ ወፍ ተመልካቾች ሊያዩት ስለጓጉ ተመልሶ እንደሆነ አያ ሙሉነህን ጠየቅኋቸው።

«አልመጣም» አሉኝ። «እኔ ግን መጣ አልመጣ እያልኩ ወደ ኋላ ሳይ ትልሜ ሁሉ ተጣሞ የጎረቤት መሳቂያ ሆኛለሁ።»