ምንዳዬና የሞላሌ በራሪዎች ጠብ

ምንዳዬ ወሰኔን ሞላሌ ውስጥ የማያውቃት የለም። ከገበያው ዝቅ ብላ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ከሳሽም ተከሳሽም ማመልከቻ የሚያስጽፈው እሷ ዘንድ ነው፤ ጠዋት የከሳሹን ጽፋ ከሰዓት የተከሳሹን መልስ ትጽፋለች፤ የአንዱን ለሌላው ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ጨዋታ ትወዳለች፤ ስትስቅ ከጎረቤት ሻይ ቤት ድረስ ይሰማል። ወሬ ግን እሷ ዘንድ ከገባ አይወጣም። የበራሪዎቹ ማኅበር የፌስቡክ ገጹ አድሚን ያደረጋትም ለዚሁ ጠባይዋ ነው።

ማኅበሩ የተወለደው እንዲህ ነው። ለመጠጥ ውኃ ሥራ የመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሞተር የሌለው የሸራ ክንፍ ይዞ መጥቶ ነበር። ሰው ከሥሩ ታጥቆ ይንጠለጠልና ከገደል አፋፍ ሮጦ ይነሳል፤ ነፋሱ ከቆላው ሽቅብ ሲመጣ እንደ ጭልፊት ያንሳፍፈዋል። መሐንዲሱ ሥራው አልቆ ሲሄድ ክንፉን ላስተማራቸው ሰዎች ተወላቸው። ከእነሱ ቀዳሚው የፊዚክስ መምህሩ ኃይለ ኢየሱስ ነበሩ። ፈቃድ አውጥተው ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊቀመንበርም ሆኑ። ሁለተኛው የጤና ጣቢያው ነርስ አወቀ ነው። ከምንዳዬ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፤ ሁለቱንም ያስተማሯቸው እኒሁ መምህር ናቸው። አወቀ አየር ላይ ሲወጣ እርግት ያለ፣ መሬት ሲነካ ግን ቁጡ ሰው ነው።

በራሪዎቹ ራሳቸው አሥር አይሞሉም። ገጹን ግን ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ የመንዝ ልጅ ነኝ ያለ ሁሉ ተቀላቅሎት ነበር። በበጋ ጠብ የለም። ክረምት ገብቶ ጉም አፋፉን ሲያለብሰው፣ ክንፉም ተጠቅልሎ መምህሩ ቤት ሲሰቀል፣ ያኔ መብረሩ ለአፍ ይተርፋል።

በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ በተደረገው ስብሰባ አወቀ ተነሣና፣ «መምህር ብዙ ለፍተዋል፤ አሁን ይረፉ፣ ሥልጣኑም በተራ ይሁን» አለ። መምህሩ ፊታቸው ቀላ። በእሳቸውና በአወቀ መካከል ድምፅ ተሰጠ፤ እኩል ለእኩል ተከፈለ። የቀረው አንድ አባል ብቻ ነበር፤ አቶ ኪዳነ ወልድ። የግሼ ገበሬ ናቸው፤ በበጋ ለአናጢነት ሞላሌ እየመጡ ይሰነብታሉ። ሃምሳን ካለፉ በኋላ ከገደል ተነሥተው በርረው አገሩን ያስደመሙ ሰው ናቸው። «የሳቸው ድምፅ ይለየን» ተባለ።

ምንዳዬ ጥያቄውን ገጹ ላይ ለጠፈችው፦ «ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ እርስዎስ ማንን ይመርጣሉ?» ባዶውን እንዳይሆን ብላ እጇ ላይ የነበረውን ፎቶ ጨመረችበት። ፎቶው መምህሩን ክንፍ ተሸክመው ያሳያል። ያማረው እሱ ስለሆነ እንጂ ለማንም ማድላቷ አልነበረም።

መልሱ በማግስቱ መጣ። «ከሁሉ በላይ አወቀ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

የአወቀ ወገኖች እልል አሉ። የመምህሩ ወገኖች ግን፣ «ቆይ እንጂ፣ ሰውየው የመምህሩን ፎቶ እያዩ ከሁሉ በላይ አወቀ ማለታቸው ከሁሉ የበለጠ ዐዋቂ እሳቸው ናቸው ማለታቸው ነው» ብለው ተነሡ። «ለመምህር አወቁ ይባላል እንጂ አወቀ ይባላል ወይ?» አለ አንዱ። «ጋሽ ኪዳነ ወልድ ታላቃቸው ናቸው፤ ማንን ፈርተው አንቱ ይላሉ?» ብሎ ሌላው መለሰ። ራሳቸውን እንዳይጠይቋቸው ስልካቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሪ አይቀበልም።

ሐምሌን ሙሉ እንዲህ ሆኖ ተዘለቀ። መምህሩ ሱቋ መጡ፤ ጃንጥላቸውን አጥፈው በሩ ላይ አራገፉት።

«ምንዳዬ፣ አማርኛ ጠንቅቀሽ ታውቂያለሽ። ያ ልጅ አሸነፍኩ የሚለውን ጽሑፉን አጥፊልኝ።»

«ስድብ ቢሆን አጠፋው ነበር፣ መምህር። አሸነፍኩ ማለት ስድብ አይደለም።»

እሳቸው ቅር ብሏቸው ወጡ። ከሰዓት አወቀ መጣ።

«አንቺ ገጹን አስረክቢኝ። አዲሱ ሊቀመንበር እኔ ነኝ።»

«ነገሩ ሲለይ አስረክባለሁ። እስከዚያ ቁጭ በልና ሻይ ጠጣ።»

«የሳቸው ወገን ነሽ ማለት ነው።»

«እሳቸውም ያንተ ወገን ነሽ ብለውኝ ነው የሄዱት» አለችውና ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሻዩንም ሳይጠጣ ሄደ። በማግስቱ የራሱን ሌላ ገጽ ከፈተ።

ምንዳዬ መብራት በመጣ ቁጥር ስድብ ትለቅማለች። አንዱ መምህሩን «ዶሮ ናቸው፤ ክንፍ አላቸው፣ አይበሩም» ብሎ ጻፈ። ብቻዋን ሆዷን ይዛ ስቃ ስታበቃ አጠፋችው። ሌላው፣ «አወቀ ስሙ ነው እንጂ ራሱስ ምንም አላወቀም» አለ፤ እሱንም አጠፋች። አንድ ቀን ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ ክንፉን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው የመምህሩን ሚስት በስድብ አነሣ። ሴትዮዋ ይህን ሰምተው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲያለቅሱ ምንዳዬ አየቻቸው። ያኔ ሳቋ ቆመ።

ማታ ለእናቷ ለወይዘሮ ጥሩሸዋ አጫወተቻቸው። እናቷ ምስር እየለቀሙ ሰሟት።

«ያ ቤት ያንቺ ነው ወይስ የነሱ?»

«የሁሉም ነው፣ እማዬ። ቁልፉ ግን እኔ ዘንድ ነው።»

«እንግዲያ ዝጊው።»

ፍልሰታ ሊገባ ነበር። ምንዳዬ ገጹ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ነገ ጾም ይያዛል። ከበግ ሥጋ ጾመን የወንድማችንን ሥጋ ስንበላ መክረም ነውር ነው። ስለዚህ ገጹም ይጾማል። እስኪፈታ ድረስ ማንም አይጽፍም፤ እኔም አልጽፍም።» ከዚያ ቆለፈችው። አወቀ ዘንድም ደውላ፣ «ያንተም ገጽ ክርስቲያን ከሆነ ይጹም» አለችው። «እሺ» አለ።

መጀመሪያ ሰዎች ተቆጡ። አንዱ ደውሎ፣ «ሳልጽፍ ስውል እጄን ይበላኛል» አላት። እየዋለ ሲያድር ግን መጻፊያ ያጡት በራሪዎች ሻይ ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊት መገናኘት ጀመሩ። ፊት ለፊት ደግሞ ዶሮ መባባል ይከብዳል። ስለ ነፋስ፣ ስለ ክንፉ ስፌት፣ ስለ መጪው በጋ ያወሩ ጀመር። መምህሩና አወቀ ብቻ በተለያየ ሰዓት ይመጡ ነበር።

ጾሙ በተፈታ ሰሞን ምንዳዬ ግሼ ልትሄድ ተነሣች። «ሰውየውን በአፋቸው እጠይቃቸዋለሁ» አለች። ይህን ሲሰሙ ሁለቱም አብረን ካልሄድን አሉ፤ አንዱ ሌላውን አላመነም። አውቶቡሱ ውስጥ ምንዳዬን መሐል አስቀምጠው በግራና በቀኝ መስኮት መስኮቱን እያዩ ተጓዙ።

ከመሐል ሜዳ ከተማ አልፈው መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ የመምህሩ አንድ እግር ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። አወቀ አጎንብሶ ክንዱን እስከ ክርኑ ነከረና ጎትቶ አወጣው። በሣር ጠርጎ አቀበላቸው።

«ተባረክ» አሉት፣ ሳይወዱ በግዳቸው።

ሾፌሩ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲጎዘጉዝ ጉሙ ተገፈፈና ገደሉ እስከ ቆላው ድረስ ወለል ብሎ ታየ። ነፋሱ ሽቅብ እየመጣ የምንዳዬን ነጠላ ገለበው። ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ ወደ አፋፉ ተራመዱ።

«እዚህ ጋ ብንነሣ…» አሉ መምህሩ።

«እዚያ ጥግ ላይ ግን ነፋሱ ይጠመዘዛል፤ ቁጥቋጦውን ይዩት።»

«እውነትህን ነው። እንግዲያ ከዚህ ዝቅ ብሎ።»

በእጃቸው አየሩን እየቀዘፉ ሲከራከሩ መኪናው ወጥቶ ጡሩምባ ሲነፋ እንኳ አልሰሙም። ምንዳዬ ሄዳ እየጎተተች አመጣቻቸው።

አቶ ኪዳነ ወልድን ደጃፋቸው ላይ እርፍ እየጠረቡ አገኟቸው። እንግዳ ሲያዩ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ጠላ ተቀዳ፣ ቆሎ ቀረበ። ስልካቸው ወንዝ ሲሻገሩ ከደረት ኪሳቸው ወድቆ ውኃ ወስዶት ኖሯል። ምንዳዬ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።

«ከሁሉ በላይ አወቀ ብያለሁ?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

«ብለዋል፣ ጋሼ። ማንን ማለትዎ ነበር?»

ሽማግሌው ግንባራቸውን አሻሹ። ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው፤ ጠላው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። «ወይፈኑን ነዋ። የእህቴ ልጅ፣ አዲሱ ወይፈን ቀንበር ለመደልህ ወይ ብሎ በዚያው በፌስቡክ መልእክት ልኮብኝ ነበር። ለሱ የመለስኩት መስሎኝ። ካሠለጠንኳቸው በሬዎች ሁሉ ቶሎ ያወቀ እሱ ነው። ኑ ላሳያችሁ።»

ከቤቱ ጀርባ ወሰዷቸው። ቀይ ወይፈን ቆሞ ያመሰኳል። መምህሩ ወይፈኑን አዩ፤ አወቀን አዩ። አወቀም አያቸው። ማን ቀድሞ እንደሳቀ ምንዳዬ አላየችም፤ እሷ ራሷ አጥሩን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር።

«እንግዲያ አሁን ድምፅዎን ይስጡን» አለ አወቀ ሲረጋጉ።

«እኔን ተዉኝ። ይህን ሁሉ መንገድ አብራችሁ መጥታችኋል፤ እናንተው ተነጋገሩ።»

ማታውን እሳት ዳር ተነጋገሩ። በመጨረሻ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከቢሮ ቢሮ መመላለሱና ጀማሪ ማስተማሩ ለእኔ ይሁን» አሉ። «አፋፉ ላይ ግን ይበረራል አይበረርም የምትለው አንተ ሁን። ረጋ የምትለውም እዚያ ነው።»

«እርስዎን ራስዎን ዛሬ አይበሩም ብልዎትስ?»

«ቅር እያለኝ እሰማለሁ።»

አወቀ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል በክንዳቸው ያዙት። ምንዳዬ፣ «ገጹስ?» ስትል ሁለቱም ባንድ አፍ፣ «እሱ ያንቺ ነው» አሏት።

ጥቅምት ገባ፣ ሰማዩም ጠራ። በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ታጥቀው አፋፉ ላይ ቆሙ። አወቀ ነፋሱን አየና፣ «ዛሬ አይሆንም፣ መምህር» አለ። ሰው ሁሉ ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ ማሰሪያውን አንድ በአንድ ፈቱ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ቆረጠሙ። በሳምንቱ ነፋሱ ሲቃና ግን ተነሡና ከአንበጣ እስኪያንሱ ድረስ ርቀው በረሩ።

ያን ዕለት ምንዳዬንም ወደ መለማመጃው ጉብታ ወሰዷት። ሄልሜት አጠለቁላት፣ አስታጠቋት። መምህሩ፣ «ሩጪ፣ አትቁሚ፣ ወደ ታች አትዪ» አሏት። ሮጠች፤ እግሯ ከሣሩ ተላቀቀ፤ ወዲያው በመቀመጫዋ ዘፍ አለች። እናቷ ሩቅ ቆመው፣ «ምነው ልጄን» ሲሉ የምንዳዬ ሳቅ ቀደማቸው።

«ምን ያህል ከፍ አልኩ?»

«እስከ ጉልበቴ» አለ አወቀ።

«ይህማ በቃኝ አይባልም» አለችና ሣሩን ከቀሚሷ አራግፋ ክንፉን ትከሻዋ ላይ አወጣችው። አወቀ ከፊት ደገፈላት፤ ዳገቱንም ተያያዙት።