የብርነሽ ቁልፍ

ሰሞኑን ኢንሱሊኔን ልወስድ ሰቆጣ ከገበያው በላይ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ልጅቷ አዲሱን ከማውጣቷ በፊት፣ «አባባ፣ ባዶውን ብልቃጥ ይዘው መጥተዋል?» አለችኝ። ከኪሴ አውጥቼ ስሰጣት አንድ የቆየ እፍረት ቀሰቀሰችብኝ።

በወጣትነቴ በአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ባለሙያ ነበርኩ። ማደንዘዣና ጠንካራ ማስታገሻ የሚቀመጥበት የብረት ቁም ሣጥን፣ ማንም ብቻውን ሆኖ እንዳይፈተን፣ በሁለት ሰው ቁልፍ ነበር የሚከፈተው። አንዱን ኃላፊያችን ጋሽ ካሳ ይይዛሉ። ሁለተኛውን ለእኔ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይታ ለተቀጠረችው ለብርነሽ ሰጧት። አንጀቴ አረረ። በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ስታልፍ ዓይኔ ከክሩ አይነቀልም። ሥራ ስለምትችል እንደሰጧት አውቃለሁ፤ ማወቄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ባዶ ብልቃጥ ካልተመለሰ ቁልፍ ያዧ ትጠየቃለች።

ማሽላው በሚያጎነብስበት በጥቅምት፣ አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን በቃሬዛ አሸክመው ከሰሃላ መጡ። ልጁ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ሽማግሌው ከመሣሪያው ሳህን ላይ ባዶ የማደንዘዣ ብልቃጥ አንስተው በኩታቸው ጫፍ ሲቋጥሩ አየሁ።

«ልጄ፣ ለጠበል ትሆነኛለች። ክዳኗ አያፈስም» አሉኝ።

ብርነሽ ከቁም ሣጥኑ ያወጣችው መሆኑን አውቄአለሁ። «ይውሰዱት አባባ» አልኩ። ከማሽላ ቂጣቸው ቆርሰው ሰጡኝ፤ በላሁ።

ከሰዓት ባዶው ብልቃጥ ሲቆጠር አንድ ጎደለ። ብርነሽ መድኃኒቱ ለሕመምተኛው እንደዋለ ምላ ተናገረች።

ጋሽ ካሳ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ አላየህም?»

«አላየሁም።»

ሰረቀች ተብላ ኒሯቅ ወዳለው ጤና ጣቢያ ተዛወረች። ተተኪዋ እኔ ነበርኩና ስትሄድ ቁልፉን በእጄ አስጨበጠችኝ። «አደራ፣ ባዶውን ሳትቀበል እንዳትሰጥ። የኔን ያየህ ተቀጣ» አለችኝ። ለካስ በእኔም እንዳይደርስ አዝናልኝ ነው!

ከወር በኋላ ሽማግሌው ልጃቸውን ለክትትል ይዘው ተመለሱ። ጋሽ ካሳ አጠገቤ ቆመዋል።

«የፈቀድክልኝ ብልቃጥ ይኸው፣ ጠበል ሞልቼ አመጣሁልህ። እግዜር ያክብርህ!» አሉኝ።

ጋሽ ካሳ የብልቃጡን ጽሑፍ አነበቡና ቁልፉን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ክሩን ከአንገቴ አወጣሁ። ኒሯቅ ድረስ ሄደው ብርነሽን ይቅርታ ጠይቀው መለሷት፤ እኔ ዓይኗን ለማየት እንኳ ወኔ አልነበረኝም።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅም አንገቷ ላይ ቁልፍ አንጠልጥላለች። መድኃኒት ልወስድ የሄድኩት ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ትንሽ ቀናሁባት። ያ ሁሉ ቁልፍና ደንብ የተበጀው መድኃኒቱ እንዳይሰረቅ ነበር። እኔ ከመድኃኒቱ ጠብታ አልነካሁም፤ የሰረቅኩት የብርነሽን ስም ነው።