ለብርድ ልብሱ የሰጠችኝ ቀን

ሁለት የልጅ ልጆቼ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ክረምት በገባ ቁጥር ጠዋት ጠዋት የምሰማው አንድ ክስ ነው፤ ታላቂቱ ብርድ ልብሱን ጠቅልላ ታድራለች፣ ታናሺቱ ጉልበቷን አቅፋ ታነጋለች። እናታቸው «ተስማሙ» ትላቸዋለች። እኔ ተስማሙ የሚባል ዳኝነት አልወድም። ጠባብ ብርድ ልብስ ሁለት ልጅ ላይ ጥሎ ተስማሙ ማለት ጉልበተኛዋን መርዳት ነው። ስለዚህ ሰፊ ብርድ ልብስ ራሴ እሠራለሁ አልኩ።

ነቀምቴ ገበያ ልብስ ሰፊዎቹ በር ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ በጆንያ ተጠራቅሞ ይጣላል። አንዱን ሰፊ ለመንኩት። «አዴ» አለኝ እንደ እናቱ ቆጥሮኝ፣ «ለትራስ ነው?» ለብርድ ልብስ ነው ስለው ትንሽ አየት አደረገኝና ጆንያዬን ጠቅጥቆ ሞላልኝ። ቤት ስደርስ ልጄ ፊቷ ጠቆረ። ልጆቼን ድሪቶ ልታለብሺያቸው ነው ወይ፣ ሰው ምን ይለናል አለች። ልጆቹ ሲበርዳቸው ሰው ምን እንዳለ ጠየቅኋት።

ስፌት የማውቀው ሰፌድና ሌማት ስሰፋ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ፊደል ለይቼ ስጨርስ ወደ አለላና ስንደዶ ተመለስኩ። ሰፌድ ደግሞ ከመሃል ተጀምሮ፣ እየዞረ፣ እየጠበቀ ነው የሚሄደው። ጨርቁንም እንደዚያው ጀመርኩት። አንድ ቀይ ቁራጭ መሃል አድርጌ ሌላውን በዙሪያው እያስከተልኩ፣ ክሩን ባለ በሌለ ኃይሌ እየሳብኩ ለፋሁበት። አልጋው ላይ ስዘረጋው መሃሉ ተነሥቶ እንደ መሶብ ክዳን ቆመ። በእጄ ስጫነው በሌላ በኩል ብቅ ይላል።

ደጅ ልብስ ስታሰጣ የነበረች ሴት በተከፈተው በር አየችው። ይህች ሴት ከጓሮ ባለችው ክፍል ከሕፃን ልጇ ጋር የምትኖር ናት። የኪራሙ ገበሬ ነበረች፤ አገሩ ሰላም ሲያጣ ልጇን አዝላ፣ ቤቷንና ማሳዋን ጥላ ወጣች። እኛ ዘንድ ከገባች ጀምሮ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትኖረው። ያን ቀን ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

«እማማ፣ ይሄ የሚለበስ ነው የሚከደን?»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዞሬ አየሁትና እኔም ሳቄ መጣ።

እሷም እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። አባቷ ግን ሸማኔ ነበሩና ጋቢ ረጃጅም ቁራጭ ጎን ለጎን ተጋጥሞ እንደሚሰፋ ስታይ አድጋለች። እኛም ጨርቁን እኩል እኩል እንቁረጠው፣ መጀመሪያ በረጅሙ እንቀጥለው፣ በኋላ ረጃጅሞቹን እናጋጥማቸው አለች። እኩል የሚለውን ስሰማ ወደድኩት። የሰፋሁትን ሁሉ ፈታሁ። እሷ ከካርቶን ልክ አወጣችልኝ፣ እኔ ቆረጥኩ። ከሰዓት ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠን በአማርኛም በኦሮምኛም እየተሳደብን ቀጠልን። የእኔ ስፌት ሲጣመም ታስፈታኛለች። በዚያው እማማ ማለቷን ትታ፣ ልጆቹ አያታቸውን እንደሚጠሩት አኮ ትለኝ ጀመር።

ላዩ አለቀ። የቀረው ባዘቶውን መሃል አንጥፎ፣ ከሥር አቡጀዲ አድርጎ፣ ሦስቱን አንድ ላይ መስፋት ነው። ይህ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ዳዶ ጠራሁ። ዳዶ እኛ ዘንድ ተራ ነው፤ ዛሬ እኔ ቤት ሠርተሽ የዋልሽውን ቀን ነገ አንቺ ቤት ሠርቼ እመልስልሻለሁ። አብልቶ ከመሸኘት ይልቅ ይህን የምወደው ማንም በማንም ላይ ስለማይኮራበት ነው።

ጎረቤቶቼ መጡ፤ ሴትዮዋንም ጠራኋት። ብርድ ልብሱን ወለሉ ላይ ዘርግተን ዙሪያውን ተቀመጥን። ምላሷ ከመርፌዋ የሚሾል አንዲት ጎረቤት አለችኝ። እሷ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ፤ የእኛን ቀን ትመልሺልናለሽ፣ የዚህችንስ የት ወስደሽ ትመልሻለሽ፣ ማሳ የላት ጎጆ የላት አለች። ለክፋት አይመስለኝም። ያናደደኝ የተናገረችው እውነት መሆኑ ነው።

ሴትዮዋ ኦሮምኛ ትሰማለች። መርፌዋን ሳታቆም መለሰች።

«የሰጠኝ ሰው ብዙ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነይ አብረን እንሥራ ያለኝ ግን እስከ ዛሬ አልነበረም። ይበቃኛል፤ እኔን አትቁጠሩኝ።»

«እቆጥርሻለሁ» አልኳት። «ቀንሽ እኔ ላይ አለ።»

ብርድ ልብሱ አለቀ። አንዱ ጥግ ከሌላው ይረዝማል፤ የማን እጅ የቱ ጋ እንዳለፈ ከስፌቱ ይታወቃል። ልጆቹ መጣላት አላቆሙም፤ አሁን የሚጣሉት ቢጫው ቁራጭ በማን በኩል ይሁን ብለው ነው። ግን ታናሺቱ ሞቋት ትነሣለች። ልጄም እንግዳ ሲመጣ የመኝታ ቤቱን በር መዝጋት ትታለች። ለዚህ ሁሉ አመሰግናለሁ።

የጎረቤቶቼን ቀን መለስኩ። አንዷ ቤት በርበሬ ቀነጠስኩ፣ ሌላዋ ቤት ግድግዳ መረግሁ። የሴትዮዋ ቀን ብቻ ቀረብኝ። ልጅሽን ልያዝልሽ ብላት፣ ይህማ ጉርብትና ነው ትለኛለች። ልክ ናት፤ ልጅ መያዝ ዳዶ አይደለም። እሷ ዕዳዬን ረስታው ይሆናል፤ እኔ ግን በበረንዳው ባለፈች ቁጥር ይቆረቁረኝ ነበር።

በዓመቱ እዚሁ ነቀምቴ ዙሪያ፣ ጉቶ ጊዳ ውስጥ፣ አንድ ገበሬ ትንሽ ማሳ የእኩል እንድታርስ ሰጣት። በቆሎ ዘራች። የአረም ጊዜ ደረሰ፣ አልጠራችንም። ጠዋት ልጇን አዝላ ትወጣለች፣ ማታ ጭቃ ለብሳ ትመለሳለች። ለምን እንዳልጠራችኝ ስጠይቃት አቀረቀረች። የማበላችሁ የለኝም አለች።

«ማን ምሳ ጠየቀሽ? ዕዳዬን እንዳልከፍል ልትከለክይኝ ነው?»

በየቤቱ ዞርኩ። ያቺ ምላሰኛ ጎረቤቴ ነገሬን ሳልጨርስ መኮትኮቻዋን ፍለጋ ጓዳ ገባች። የት ትመልሻለሽ ብዬሽ ነበር፣ ይኸው ቦታው ተገኘ አለችኝ። ስለዚህ ቃሏ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። እስከ አስፋልቱ ማለቂያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግራችን ሄድን።

ስታየን ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ልጇን ጥላ ሥር አስቀምጣ መስመር መስመራችንን አከፋፈለች። ለእኔ አጭሯን ሰጠችኝ። እንደ ሰው እኩል ካልሰጠሽኝ እመለሳለሁ አልኳት፤ ሰጠችኝ። ወገቤ ሊቆረጥ ምንም አልቀረው።

ከሰዓት ላይ አንድ በቆሎ ከአረሙ ጋር ነቅዬ ልደብቀው ስል አየችኝ።

«አኮ፣ ዓይንዎ ካላየ መነጽር ያድርጉ» አለች ሁሉም እየሰማ። «በቆሎዬን አይንቀሉብኝ።»

በቆሎዬን አለች። ተቆጥቶኝ እንዲህ ያስደሰተኝ ሰው የለም። እሺ ብዬ አጎንብሼ መስመሬን ቀጠልኩ።