ሰጋቱራ ውስጥ የተገኘው እንቁላል

ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነልኝም። «የጠበበውን አንጀቷን ቆርጬ ማውጣት አለብኝ። በዚህ ክብደቷ ግን ቢላዋ አላሳርፍባትም፤ አትችለውም። ሃያ ሦስት ኪሎ አድርሰህ አምጣልኝ» አለ። ልጄ ያኔ አሥር ዓመቷን ይዛለች፤ ለሚያያት ግን የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ አለቀሰች። እኔን ግን የያዘኝ ንዴት ነው። አናጺ ነኝ፤ ልኬት ከተሰጠኝ ነገሩ ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ፈርቼ አላውቅም።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«አንጀቷ ጨርሶ ሳይዘጋ» አለኝ።

እዚያ ለመድረስ ብዙ ተንከራተናል። መጀመሪያ የአንጀት ቲቢ ነው ተብሎ ለወራት መድኃኒት ዋጠች፤ ወይ ፍንክች። ዘመድ ኮሶ ነው አለ፣ ጎረቤት ዓይን ነው አለ፣ ሁሉም የመሰለውን አዘዘላት። በመጨረሻ ይኸኛው ሐኪም ክሮንስ የሚባል በሽታ መሆኑን ደረሰበት። አንጀቷ ይቆስላል፣ ያብጣል፣ ሲደጋገም ደግሞ ይጠባል ብሎ አስረዳኝ። ገለባና ፍሬ ያለው ምግብ የጠበበው ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ነው ልጅቷ ሆዷን ይዛ ኩርምት የምትለው። ስለዚህ ሽሮ ቀረ፣ በርበሬ ቀረ፣ ቆሎ ቀረ፣ ጎመን ቀረ። ወተትም ስለሚያስቀምጣት ቀረ። እንጀራ እንኳ «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ። የአገሩ ሰው የሚበላውን ሁሉ ከልክሎ አወፍራት ማለት እንጨት ሳይሰጡ ቁም ሣጥን ሥራ እንደማለት ነው፤ ይህንኑም ነገርኩት። ሳቀና ሩዝ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ዓሣ፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ አለኝ። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። ዘይትና ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን በምንወስድበት በደርግ ዘመን ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያዘኝ።

ቤታችን ጎፋ ነበር። ባለቤቴ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ እኔ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ባቆምኳት የቆርቆሮ ወርክሾፕ ስገዘግዝና ስልግ እውላለሁ። ስለዚህ ማብላቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ገብቶ ማማሰያ ሲይዝ ማየት ያኔ ለሰፈሩ ትያትር ነው። ሴቶቹ በአጥር ላይ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ባለፈ ቁጥር «ጓድ ወጥ ቤት፣ ዛሬ ምን ደረሰ?» ይለኛል። «ላንተ የሚሆን የለም» እለዋለሁ። ይሳቁ። እኔ የተሰጠኝ ልኬት አለ።

ዋናው ምግቧ ቡላ ሆነ። እኔም ሚስቴም የደቡብ ሰዎች ነን፤ የእንሰት አገር። ቡላ ማለት ከእንሰቱ ተጨምቆ የሚጠልለው ነጭ ዱቄት ነው፤ ቃጫ የለው፣ ገለባ የለው፣ እኛ ዘንድ አራስና በሽተኛ የሚጠገንበት። ትንሽ በወረቀት ቋጥሬ ለሐኪሙ ወሰድኩለት። በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገና «ይሄማ ለእሷ የተሠራ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሚስቴ ዘመዶች በአውቶቡስ ይልኩልን ጀመር። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ የፈላው ላይ እጨምራለሁ፤ እንዳይጓጉል እጄ እስኪዝል አማስላለሁ፤ ሲበስል ነጭነቱን ይተውና እንደ እንጨት ሙጫ ያበራል። ቅቤውን ሆዷ እስኪለምድ በጥቂቱ አደርግበታለሁ። «አባዬ፣ ዛሬም ሙጫ?» ትለኛለች ሳህኗን እያየች። «ዛሬም ሙጫ፤ አጥንትሽን ከሥጋሽ ጋር ላጣብቅበት ነው» እላታለሁ።

እንቁላሉ የሚመጣው ከላፍቶ ነው። ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበር። የዚያ አገር ሰው የሆኑ አንዲት እማማ በየሳምንቱ አህያቸውን እየነዱ ይመጡና ለምድጃቸው የሚሆን ሰጋቱራ በጆንያ ይወስዳሉ፤ በምትኩ እንቁላል በገለባ ጠቅልለው ያመጡልኛል። ገንዘብ የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም። «ይህች ልጅ ከዶሮዬ ታንሳለች» ይላሉ አገጯን ቀና አድርገው፤ ከዚያ «በይ፣ ብዪ» ብለው ይሄዳሉ።

የምመዝናት ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት፣ በትልቁ የእህል ሚዛን ላይ ነው። ከጆንያዎቹ ጋር ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ ትወጣበታለች። ባለ ወፍጮው ቀልደኛ ነው፤ «ይህቺን ፈጭተን ስንት ዱቄት እናገኛለን?» ይላታል። ከት ብላ ትስቃለች። ዛሬ የልጆች እናት ሆና እንኳ ወፍጮ ቤት ባለፈች ቁጥር ያ ሰውዬ ትዝ ይላታል። ለማንኛውም ሚዛኑ ቀስ እያለ ወደ ላይ ማለት ጀመረ። እኔም አንገቴ ቀና አለ።

እንግዲህ ጾሙ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጴንጤ ተብለን የምንታደንበት ጊዜ ነበር፤ ጸሎት ቤታችን ታሽጓል። የእኛ ቡድን እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ይሰበሰብ ነበር፤ ምክንያቱም አንዳችን በመጋዝ ሲገዘግዝ ሌሎቹ በድምፁ ተከልለው ሊዘምሩ ይችላሉ። ስንት ደህና ጣውላ ለመዝሙር ብለን ከንቱ እንደከታተፍን እኔ ነኝ የማውቀው። ቡድኑን የሚመሩት አንድ አዛውንት ሸማኔ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሐኪሙ ያለኝን ስነግራቸው ወዲያው ጾም ጸሎት አወጁ። በየቀኑ አንድ ሰው እህል ሳይቀምስ ይውላል፤ በማግስቱ ሌላው ይቀበለዋል፤ እግዚአብሔር ለልጅቷ ሥጋ እንዲሰጣት። ከእኛ የተሻለ ጠግቦ የሚያድር ሰው እኮ አልነበረም መካከላቸው። ልጄም ሳህኗን ይዛ ጣውላ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ቆመ። በሚቀጥለው ስንሄድ ወደ ታች ወረደ። ባለ ወፍጮው እንኳ መቀለዱን ትቶ የሚዛኑን ድንጋዮች ደጋግሞ አስተካከለ። እኔ ግራ ገባኝ፤ ቡላው ያው ነው፣ እንቁላሉ ያው ነው፣ ሳህኗ ባዶውን ነው የሚመለሰው። በሽታው በርትቶባት ነው ብዬ ፈራሁ። ለቡድኑ ስነግራቸው ጾሙን አጠበቁት፤ በቀን አንድ የነበረው ሁለት ሰው ሆነ። ሰው በጾመላት መጠን ልጄ ትከሳለች። ማታ ማታ ቀሚሷን ስታወልቅ የጎኗን አጥንቶች ላለማየት ፊቴን አዞር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የላፍቶዋ እማማ ቀናቸው ሳይደርስ መጡ። አህያ የለ፣ ሰላምታ የለ። ነጠላቸውን ፈተው ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። የተቀቀሉ እንቁላሎች፣ የደረቀ የቡላ ጓል፣ ሁሉም ሰጋቱራ ለብሷል።

«ያ ዋቅ! እንቁላሌን ካልፈለግህ በአፍህ አትነግረኝም ነበር? ምድጃዬ ውስጥ ልጨምረው ጆንያውን ብገለብጠው የራሴ እንቁላል!» አሉ፣ አምላካቸውን በኦሮምኛ ጠርተው። በጣም ተቀይመዋል።

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ዞር ብዬ አየኋት። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን መጮሁ አቃተኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች። መዋሸት አታውቅም።

«ያምሻል ስትበዪ?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

የቀሚሷን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች። «ጋሼ ሳይበሉ ነው የሚውሉት። ለእኔ ብለው። ባለፈው ሲነሡ ግድግዳ ይዘው ነው የተነሡት። እኔ ፊታቸው እንቁላል ስበላ ያሳፍረኛል» አለች። ቀጥላም «እኔም ከጾምኩ ቶሎ ይሰማናል ብዬ ነው» አለች።

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ መዶሻ ይዤ ቆሜ ነበር፤ የት እንዳስቀምጠው ጠፋኝ። አዘንኩ፣ ደግሞ ነደደኝ፣ ደግሞ እንዲህ ያለች ልጅ በመውለዴ ኮራሁ፤ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። በሽታው አልበረታም ማለት ነው። ልጄን እያከሳት ያለው ፍቅር ነው፤ የእኛም የእሷም። ይህን ደግሞ የማስቆመው እኔ ነኝ።

እሑድ ከሰዓት ቡድኑ ተሰበሰበ። ተራው የእኔ ሆኖ መጋዙን ይዣለሁ። መዝሙሩ ሳይጀመር ወረወርኩትና «ከዛሬ ጀምሮ ለልጄ የሚጾም ሰው እዚህ ቤት አይገባም!» ብዬ ጮህኩ። ነገሩን እስከ እንቁላሉ ዘረገፍኩት። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ቆርቆሮው ድምፄን ሳይሰስት ወደ ውጭ አወጣው፤ ጥበቃው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው የሚቀመጠው።

ጋሼ እጃቸውን ብቻ አነሡ። «መጋዙን አንሣ፤ ከዚያ ተቆጣ» አሉኝ ቀስ ብለው።

አነሣሁት። እየገዘገዝኩ ተቆጣኋቸው። ልጅ እንደምትሰማ አስባችሁ ነበር ወይ፣ እያልኩ ጣውላ ቆረጥኩ። ሐኪሙ ሥጋ ነው ያለኝ፣ እያልኩ ሌላ ጣውላ ቆረጥኩ። ላቤ ጠብ እስኪል ድረስ ማንም አላቋረጠኝም።

ስጨርስ ጋሼ ልጄን ጠርተው ከፊታቸው አስቀመጧት። «የበደልንሽ እኛ ነን። ጾም የሚችል ሰው ሥራ ነው፤ ያንቺ ሥራ ሌላ ነው። አሁን ልጠይቅሽ፤ እኔ ስጾም ምሳዬ ማን ዘንድ ይሂድ? ሜዳ ይፍሰስ?» አሏት።

«አይፍሰስ» አለች።

«እንግዲያው አንቺ ብዪልኝ። ያልበላሽው ቀን እኔ በከንቱ ተራብኩ ማለት ነው።»

ልጄ ነገሩን አሰበችበት። በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። እኔ ጾሙ ይቅር ብዬ ነበር የጮህኩት፤ ጋሼ ግን አዙረው ለእሷ የሥራ ድርሻ ሰጧት። ከእኔ ጩኸት የእሳቸው ዘዴ በለጠ፤ አምኛለሁ።

ከዚያ በኋላ የሚጾመው ሰው ምሳውን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ጦርነት ነበር። አንዷ እኅት ዶሮ ወጥ ይዛ መጥታ «በርበሬውን አጥቤዋለሁ እኮ» አለችኝ፤ ከነድስቱ መለስኳት። ሌላው ሩዝ ላይ ቃሪያ ከትፎበት መጣ፤ እሱንም መለስኩት። «ይህ ሰውዬ ከጉምሩክ ይብሳል» አሉኝ። ይበሉ። ቀስ በቀስ ለመዱ፤ ድንች በቅቤ፣ ለስልሶ የተቀቀለ ሥጋ፣ ሹፌር የሆነው ወንድማችን ወደ ደቡብ ሐይቆች በወረደ ቁጥር ዓሣ። የላፍቶዋ እማማ የእኛ እምነት ተከታይ አይደሉም፤ ቢሆንም «እኔም እኮ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ የእኔንስ ማን ይብላልኝ?» ብለው እንቁላል ጨመሩ። ልጄ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ዛሬ የማንን ነው የምበላው?» ሆነ። አንዳንዴ እያቅለሸለሻት እንኳ «የጋሼ ናት» ብላ እየዋጠች ስታበቃ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ወጣ ብዬ እንጨት የምቆጥር እመስላለሁ።

ሕመሙ አልተዋትም፤ የምትታጠፍባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ያገኘችውን የምታስመልስባቸውም። በማግስቱ እንደገና ከቡላው እንጀምራለን። ጉንጯ ላይ ሥጋ መጣ፤ ከዚያ ክንዷ ላይ። ወፍጮ ቤት ሚዛኑ ሃያ ሦስትን አለፍ ሲል ባለ ወፍጮው እልል አለ። እኔ «ጫማሽን አውልቂ፣ ሹራብሽንም» አልኩና እንደገና አስመዘንኳት። ያው ነው። ልኬቱ ሞላ።

ሐኪሙ ቃሉን ጠበቀ። የቀዶ ጥገናው ቀን ሲቆረጥ ነርሷ ልጅቷ ከዋዜማው ምሽት ጀምራ ምንም እንዳትቀምስ፣ ውኃም እንዳትጠጣ አዘዘች። ስንት ወር ሙሉ ብዪ ብዪ ስል የከረምኩ ሰው፣ ያን ዕለት ጠዋት ምን እንደምላት አጣሁ። ሰፊውን የሆስፒታል ልብስ ለብሳ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ባለቤቴ ለእኔ ብላ ዳቦ በእንቁላል ቋጥራ አምጥታ ነበር፤ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

«አባዬ፣ ያን ለምን አትበላም?»

«በኋላ እበላዋለሁ።»

«እየጾምክልኝ ነው አይደል?»

እውነቷን ነበር።

«እኔ እኮ መብላት አልችልም ዛሬ» አለች። «አንተ ብላልኝ።»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ዳቦውን አንሥቼ ቆረስኩ። የራባትን ልጄን ፊት ለፊት እያየሁ አላመጥኩ። ስቆም ትጠብቃለች፤ «ትንሽ ነው የቀረህ» ትላለች። እሷ ያን ሁሉ ጊዜ በሰው ዓይን ሥር እንዴት ስትውጥ እንደኖረች የገባኝ ያኔ ነው። የመጨረሻውን ስውጥ እጄን ገልብጣ ባዶ መሆኑን አየች። ከዚያ ጋደም አለችና ነርሷን «እንሂድ» አለቻት።