በታክያ ዛፎች ላይ የታሰሩ ጀልባዎች

ታክያ ዛፍ ስትተክል ያላሾፈባት ሰው በመንደራችን ካለ የቤተ ክርስቲያናችን አባ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን ጭቃ አስነክተው አያውቁም።

ድሮ ይህ የደሴታችን የጊማራስ ዳርቻ በሙሉ፣ ባሕር ውሃ ውስጥ ሥር ሰዶ የሚበቅል የማንግሮቭ ዛፍ ጫካ ነበር። አባቶቻችን ለዓሣ ማርቢያ ኩሬ ብለው መነጠሩት። ኩሬው ከሰረ፣ ጫካውም አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ በመጣው አውሎ ነፋስ ባሕሩ ያለ ከልካይ ገብቶ የታክያን እናት ቤት ከነምሰሶው ይዞት ሄደ። ታክያ ዘር መልቀም የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባሕሩ ሲሸሽ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መትከል፣ ሲያድግ ደግሞ ግንዱ ላይ ተጣብቆ የሚያንቀውን የባሕር ዛጎል በቢላዋ መፋቅ አለ። በስብሰባ ላይ «ቅዳሜ በፈቃደኝነት እንውጣ» ሲባል ሁሉም እጁን ያወጣል። ቅዳሜ ሲደርስ የአውራ ዶሮ ግጥሚያ አለ። የምንወጣው እሷና እኔ ነን፤ እኔም ወገቤን ካላመመኝ። ባሏ ዴሜትሪዮ እንኳ በረንዳው ላይ መረቡን እየጠገነ፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላል። ሩዙ በእርግጥ አርሮ ያውቃል። እሱ ግን ተነስቶ ቢያማስል ምን ነበረበት?

እንዲህ እንዲህ እያለ ዛፉ ከሰው ቁመት አለፈ፤ ሸርጣኑም ተመለሰ። ግንዱ ግን ገና ክንድ አያክልም ነበር። «ጥቂት ዓመት ብቻ ይታገሱኝ» ትላለች፣ ማን እንደሚታገሳት እንጃ።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ሬዲዮው ትልቅ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው አለ። ዓሣ አስጋሪዎቻችን በሁለት ጎኑ የቀርከሃ ክንፍ ያለውን ጀልባቸውን ወትሮ የሚያስጠልሉት ከማዶ ባለው አሮጌ ጫካ ነው። በዚያን ቀን ግን ነፋሱ ቀደማቸውና መሻገር አልቻሉም። ዞር ሲሉ የታክያ ዛፎች አሉ።

እሷ መግቢያው ላይ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ እጇን ዘርግታለች።

«አይሆንም! ገና ለጋ ነው፣ የጀልባችሁ ክንፍ ይሰብረዋል! ጎትታችሁ አሸዋው ላይ አውጡት!»

«ማናንግ፣ አሸዋው ላይማ ማዕበሉ ያደቀዋል» አለ ጎረቤታችን ሮሴንዶ። እንደ ታላቅ እህት ነው የሚያያት። «ልጆቼ ምን ይብሉ? ዛፍሽን?»

«ስተክል የት ነበርክ?»

«ኧረ በእመቤታችን! አሁን ይሄ የሚወራበት ሰዓት ነው?»

ይህን ሲባባሉ ከኋላ የዴሜትሪዮ ጀልባ መጣች።

«ታክያ፣ ከዚህች ሌላ ምን አለን?» አላት።

እጇን አጥፋ ከመንገዱ ወጣች። አንዴ ለባሏ ከለቀቀች ሌላውን በምን አፏ ትከልክል! ጀልባው ሁሉ ተግተልትሎ ገባ። የቀርከሃው ክንፍ ዛፉን ሲገነጥለው የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ያናድደኛል።

ነፋሱ ሲያልፍ አንድም ጀልባ አልጠፋም። ወንዶቹ እየተቃቀፉ፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ዛፍሽ አተረፈን!» እያሉ ይጮኻሉ። ከዛፎቹ ግን ግማሹ ተሰብሯል፤ የቀረውንም ገመዱ ልጦታል። ታክያ ጭቃው ላይ ተንበርክካ የተሰነጠቀ ግንድ ለማቃናት እየሞከረች አለቀሰች። ሮሴንዶ የደረቀ ዓሣ አመጣላት።

«ብቻ ማናንግ፣ ጠቦን ነበር። ሌላ ጊዜ ስትተክዪ ትንሽ ሰፋ አድርጊው።»

በያዘው ዓሣ ፊቱን ልለው ምንም አልቀረኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታክያ ተነስታ፣ «ጀልባው የተረፈለት ሁሉ ቅዳሜ ይምጣ፤ የተሰበረውን እንተካ» አለች። «እንዴታ!» አሉ በአንድ አፍ።

ቅዳሜ እውነትም መጡ! ታክያ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ዘሩን በሳፋ አቅርባ፣ የሩዝ ገንፎ በካካዎ ሠርታ ጠብቃቸዋለች። ገንፎውን በሉ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ጭቃው ውስጥ ገቡ። ሳፋውን ግን የነካው የለም። እያንዳንዱ ከኪሱ ቁራጭ ገመድ አወጣና ቆሞ የቀረ ዛፍ እየመረጠ ያስር ጀመር።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች።

«ቦታ እየያዝን ነዋ፣ ለሚቀጥለው አውሎ ነፋስ» አለ ሮሴንዶ። «ኋላ እንዳንጣላ።»

ወዲያው ተጣሉ። ከመሃል ያለውን ወፍራሙን ዛፍ ግን ማንም አልተሻማበትም፤ ሰው ሳይመጣ በማለዳ ቀይ ገመድ ታስሮበታል። ታክያ ጠጋ ብላ አየችው። የራሷ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው።